የኦሊያ ሊያሊና የመረብ ሥራዎችና የጂኦሲቲስ ገጾች

በኮምፒዩተር መረብ ላይ እንዲታይ ብቻ የተሠራ ጥበብ እንደ ሥዕል ወይም እንደ ሐውልት በአንድ ስፍራ ቆሞ ተመልካቹን አይጠብቅም። ሕይወቱ የተመሠረተው በሚነካው እጅ፣ በሚያሳየው መሣሪያና በሚያመላልሰው መስመር ላይ ስለሆነ፣ ከነዚህ አንዱ ሲለወጥ ሥራው ራሱ ይለወጣል። የባህል ተመራማሪዎች ይህን ችግር ከዘፈንና ከጭፈራ ጥናት አሳምረው ያውቁታል፤ ግጥሙ በወረቀት ሲሰፍር ዜማውና እስክስታው በዚያው በመንደሩ ይቀራሉና። በሞስኮ የተወለዱት የኦሊያ ሊያሊና ሥራዎች ለዚህ ጥያቄ የተለየ ጥቅም የሚሰጡት፣ ሠዓሊዋ በአንድ በኩል የራሳቸውን ሥራ የሚፈጥሩ፣ በሌላ በኩል የተራውን ሰው ሥራ የሚሰበስቡ በመሆናቸው ነው።

«ወዳጄ ከጦርነት ተመለሰ» የተባለው ሥራቸው የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መደቡ ጥቁር፣ ፊደሉ ነጭ፣ ሥዕሎቹም ጥቁርና ነጭ ናቸው። ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወጣትና የጠበቀችው ልጅ ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ተመልካቹ በአንድ ቃል ወይም በአንድ ሥዕል ላይ ሲጫን ገጹ ይከፈላል፤ እንደገና ሲጫን ክፍሉ ደግሞ ይከፈላል፤ ንግግራቸውም እያነሱ በሚሄዱ ክፈፎች ውስጥ ይበታተናል። ስለ ሌላ ሰው የሚነሣ ጥርጣሬና ስለ ጋብቻ የሚቀርብ ጥያቄ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቃሉ ባለቀበት ክፈፍ ባዶ ጥቁር ቦታ ብቻ ይቀራል። የትኛው ጦርነት እንደሆነ አልተነገረም፤ መነገሩም አላስፈለገም።

ክፈፍ በዚያ ዘመን አዲስ የመጣ የድረ ገጽ መሣሪያ ነበር፤ አብዛኞቹ ሠሪዎችም የሚጠቀሙበት ማውጫውን በአንድ ወገን፣ ጽሑፉን በሌላው ወገን ለማስቀመጥ ነበር። ሊያሊና ይህን የመደርደሪያ ያህል ተራ የሆነ ነገር በሁለት ሰዎች መካከል የሚቆም ግድግዳ አደረጉት። በሞስኮ የሙከራ ፊልም አዋቂዎች ዘንድ ያደጉ ስለሆኑ ምስልን ከምስል ማጋጨት ለእርሳቸው እንግዳ አልነበረም፤ አዲሱ ነገር ግን መቀሱን ለተመልካቹ መስጠታቸው ነው። በመሆኑም ጥያቄው ሳይነበብ መልሱ ሊነበብ ይችላል፤ የፍቅር ቃሉም የሚሰማው ከኵርፊያው በኋላ ሊሆን ይችላል። እንግሊዝኛው የባዕድ ሰው እንግሊዝኛ መሆኑን እንደ ጉድለት የሚቆጥር ቢኖር ተሳስቷል፤ የሚናገሩት ሰዎች ራሳቸው ቃል ያጡ ናቸውና።

በ1996 ዓ.ም. መረቡ የሚደርሰው በስልክ መስመር ስለነበር እያንዳንዱ ሥዕል ቀስ እያለ ይመጣ ነበር። ተመልካቹ ተጭኖ ሲጠብቅ፣ የልጅቱና የወታደሩ ዝምታ የእርሱም ዝምታ ይሆናል። ዛሬ ሁሉ ነገር በቅጽበት ይደርሳል፤ ከሥራው አንዲት ፊደል ሳትጠፋ ዝምታው ጠፍቷል።

ሊያሊና በኋላ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ በመርዝ አካዳሚ ሲያስተምሩ፣ ዓይናቸውን ወደ ተራው ሰው ገጾች መለሱ። ከዋክብት የተበተኑበትን ጥቁር ሰማይ፣ አካፋ ይዞ የሚቆፍረውን ሠራተኛና «ገና በመሠራት ላይ ነው» የሚለውን ምልክት የባለሙያዎች መሳቂያ ከመሆን አንሥተው፣ በ2005 ዓ.ም. ባወጡት ድርሰት እንደ ሕዝብ ጥበብ መረመሯቸው። የነዚህ ገጾች ታላቁ መንደር በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው ጂኦሲቲስ ነበር። ድርጅቱ ቦታውን በሠፈር ከፋፍሎ በነፃ ያድል ነበር፤ ለፊልም ወዳጆች ሆሊውድ፣ ለቤተ ሰብ ሃርትላንድ ይባል ነበር፤ ባለ ገጾቹም ሰፋሪዎች ተባሉ። ያሁ በ1999 ዓ.ም. ገዛው፣ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ዘጋው። ከመዘጋቱ በፊት በጎ ፈቃደኞች የቻሉትን ያህል ገለበጡ። ሊያሊናና የሥራ ባልደረባቸው ድራጋን ኤስፔንሺድ ይህን ቅጂ «የኪሎባይት ዘመን አንድ ቴራባይት» በሚል ስም ማጥናት ያዙ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም በየ20 ደቂቃው የአንድ ገጽ ምስል በመረብ ላይ እንዲወጣ አደረጉ።

የዚህ ስብስብ ብልጫ ምስሉ የሚነሣው በዘመኑ መሣሪያ ውስጥ መሆኑ ነው፤ ገጹ በባለቤቱ ፊት በነበረው ስፋትና ቀለም ይታያል። ቅደም ተከተሉ ገጹ ለመጨረሻ ጊዜ የታረመበትን ቀን ስለሚከተል፣ ከዕውቅ ሥራዎች ይልቅ የመንደሩ አኗኗር ጐልቶ ይወጣል፤ ለሞተ ዘመድ የተሠራ መታሰቢያ፣ የድመት ፎቶግራፍ፣ ተጀምሮ የቀረ ገጽ። ግን ሠራተኛው ከእንግዲህ አይቆፍርም፤ ዘፈኑ አይሰማም፤ ማያያዣው አይከፈትም። በመጫንና በመጠበቅ ትርጉም የፈጠሩት ሴት የሕዝቡን ሥራ መጫንም መጠበቅም በሌለበት መንገድ ማሳየታቸው ያስገርማል። የገጾቹ ብዛት ሌላ መንገድ አያስኬድም ቢባል እውነት ነው፤ ስለዚህ ስብስቡን እንደ ማውጫ እንጂ እንደ ዋናው ጽሑፍ መውሰድ አይገባም። ከዚህ የሚከብደው ግን የባለቤቶቹ ነገር ነው። ለጥቂት ጎረቤቶች ተብሎ የተሠራ ገጽ ባለቤቱ ሳይጠየቅ ለማያውቀው ዓለም ይቀርባል። ባይገለበጥ ኖሮ ሁሉም በጠፋ ነበር የሚለው መልስ ለመገልበጡ ይበቃል፤ ለማሳየቱ ግን አይበቃም።

በነዚህ ገጾች ሲስቁ የነበሩት ባለሙያዎች በፍላሽ የሠሯቸው የረቀቁ ተንቀሳቃሽ ገጾች፣ አዶቤ የፍላሽን ማጫወቻ በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ በማቆሙ፣ ዛሬ ያለ ልዩ ማስመሰያ አይከፈቱም። የሰፋሪዎቹ ገጽ ቅጂው ባለበት ስፍራ ሁሉ እስከ ዛሬ ይከፈታል።

ሊያሊና በ2013 ዓ.ም. የሠሩት «በጋ» የተባለው ሥራ ለምስል ስብስቡ ሳይታሰብ የተሰጠ መልስ ይመስላል። ሥራው ሊያሊና ራሳቸው ዥዋዥዌ ሲጫወቱ የሚታዩበት አጭር ተንቀሳቃሽ ምስል ነው፤ ነገር ግን ምስሎቹ የተቀመጡት በአንድ ስፍራ ሳይሆን በልዩ ልዩ ሰዎች ድረ ገጾች ላይ ተበታትነው ነው። ማሰሻው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘል የአድራሻው መስመር ይለዋወጣል፤ መስመሩ ሲፈጥን ዥዋዥዌው ይፈጥናል፣ ሲዘገይ ይዘገያል። ገልብጦ በአንድ ዲስክ የሚያኖረው ሰው ሌላ ሥራ ይኖረዋል እንጂ ይህን አይኖረውም። ከባለ ድረ ገጾቹ አንዱ ቤቱን የዘጋ ዕለት ዥዋዥዌው በዚያ ምስል ላይ ይቆማል።