ዘማችና ተዋጊ በዐድዋ ሥዕሎች

አማርኛ ወደ ጦር ሜዳ ለሚወርድ ሰው ሁለት ስሞች አሉት። «ተዋጊ» የሚባለው ጠላትን ፊት ለፊት የሚገጥመው ነው። «ዘማች» የሚለው ቃል ግን ይሰፋል፤ ነፍጥ ያነገተውን፣ አጋሰስ የሚነዳውን፣ እህል የምትፈጨውንና ታቦት የሚያጅበውን ሁሉ ያቅፋል። ባህላዊዎቹ የዐድዋ ሥዕሎች ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የትኛውን እንደሚያሳዩ መመርመር ስለ ሥዕሎቹም ሆነ ስለ ድሉ የሚያስረዳው ነገር አለ።

የሥዕሎቹ አቀማመጥ የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ሠራዊት በአንድ ወገን፣ የኢጣልያ ጦር በሌላው ወገን ይሰለፋል። ውጊያው የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት በመሆኑ ቅዱሱ በአምባላይ ፈረሱ ሆኖ ከሰማይ ይታያል። ዳግማዊ ምኒልክ በጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ ናቸው፤ አልፎ አልፎም እቴጌይቱ ሽጉጥ ይዘው ይሣላሉ። የወገን ፊት በሁለት ዐይን ወደ ተመልካቹ ሲዞር፣ የጠላት ፊት በአንድ ዐይን ከጎን ይታያል። ይህ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወረሰ ሕግ ነው።

እነዚህን ሥዕሎች «ከውጊያ በቀር ሌላ አያሳዩም» ብሎ መንቀፍ የተለመደ ቢሆንም ነቀፌታው ዒላማውን ይስታል። ጥላ ያዡ አይዋጋም። ነጋሪት መቺውም፣ ታቦት የተሸከመው ካህንም፣ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም አይዋጉም። ይሁን እንጂ ሁሉም በሁለት ዐይናቸው ተሥለዋል። እንግዲህ የሠዓሊው ብሩሽ መስመር ያሰመረው በሚዋጋውና በማይዋጋው መካከል ሳይሆን፣ ለዙፋኑና ለታቦቱ በቀረበውና ከእነዚህ በራቀው መካከል ነው። ገንቦ ያዘለችው ሴትና የጭነት በቅሎ የሚነዳው ሎሌ ከአብዛኞቹ ሥዕሎች የቀሩት ስላልተኮሱ ብቻ አይደለም፤ ማዕርግ ስላልነበራቸው ነው።

ዐድዋ የስንቅም ጦርነት ስለ ነበረ ይህ ጉድለት እንደ ቀላል ሊታለፍ አይገባም። ወደ 100,000 የሚገመተው ሠራዊት በሰሜን ሲሰፍር ዛሬ እንደሚታወቀው ያለ የተደራጀ የቀለብ ክፍል አልነበረውም፤ ወታደሩ ስንቁን ይዞ፣ ሚስቱን ወይም ሎሌውን አስከትሎ ነበር የሚዘምተው። በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተለቀቀው በውሃ ጥም ነው፤ የውሃው ምንጭ እንዲያዝ የመከሩትም እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በየካቲት የሁለቱም ወገን ስንቅ እየተሟጠጠ ሄደ። ጄኔራል ባራቲዬሪን ወይ ወደ ኋላ እንዲመለስ ወይ ወደ ፊት እንዲገፋ ያስጨነቀው ይኸው ነበር። በውጊያው ዕለትም የኢትዮጵያ ሠራዊት ከፊሉ እህል ፍለጋ ወጥቶ ነበር። (በነገራችን ላይ፣ ከክፉ ቀን ረሀብ ገና በቅጡ ሳያገግም ይህን ሁሉ ሠራዊት የተሸከመው የትግራይ ገበሬ፣ ወዶም ይሁን ተገዶ፣ የድሉ ባለ ድርሻ ነው። እርሱ ግን «ዘማች» በሚለው ሰፊ ቃል ውስጥ እንኳ አልገባም።)

ሠዓሊዎቹ ይህን አያውቁም ነበር ማለት አይቻልም። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀው የክተት አዋጅ ጉልበት ያለውን በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለውን ደግሞ በጸሎቱ እንዲረዳ ጠይቋል። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕልም እቴጌይቱ በሰፈሩ የነበሩትን በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ውሃ በገንቦ እንዲያዘጋጁ ማድረጋቸውን ይመሰክራል። የቤተ መንግሥቱ ብዕር የመዘገበውን ብሩሹ አለፈው ማለት ነው።

ምክንያቱ በአመዛኙ የቅርጽ ጉዳይ ነው። ፉከራን ማስታወስ ይበቃል። ፎካሪ የሚቆመው ጥሎ፣ ገድሎ፣ ምስክር አቁሞ ነው። ለቆሰለ ጓደኛ ውሃ ያደረሰ ሰው በምን ቃል ይፎክራል? ቅርጹ ለእርሱ ስፍራ አላበጀለትም። ሴቲቱም የሌላውን ጀግንነት በእልልታ ታጸድቃለች እንጂ የራሷን አታስቆጥርም። የዐድዋ ሥዕልም በቀለም የተጻፈ ፉከራ ነው።

ሕዝቡ ግን በኋላ ለዚህ ክፍተት ቃል አገኘለት። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሺስት ወረራ ዘመን በከተማ ተቀምጠው ስንቅ፣ ጥይትና መረጃ ለበረኸኛው ያቀብሉ የነበሩት «የውስጥ አርበኞች» ተባሉ። ስመ ጥሯ ሸዋረገድ ገድሌ በዚህ ሥራ ተይዛ እስከ ኢጣልያዋ አዚናራ ደሴት ድረስ ታስራለች። «አርበኛ» የሚለው ታላቅ ስም ሳይቀነስ፣ ሳይሸራረፍ ከጦር ግንባር ውጭ ላለ ሰው መሰጠቱ ከብዙ ሐውልት የበለጠ ዕውቅና ነው። ሥነ ሥዕላችን ግን የዚህን ቃል ስፋት ገና አልተከተለም።

ዛሬ የዐድዋን ጭብጥ የሚያነሣ ሠዓሊ በሸራው ማዕዘን አንዲት ባለ ገንቦ ሴት ቢጨምር ግዴታውን እንደ ተወጣ ይቈጥር ይሆናል። እንዲህ ያለው ጭማሪ ጌጥ ከመሆን አያልፍም፤ ሴቲቱን ዳግመኛ ሎሌ ያደርጋታል። መፍትሔው በነባሩ ሕግ ውስጥ አለ። ባህላዊው ሠዓሊ ክብርን የሚሰጠው በመጠን፣ በቦታና በሁለት ዐይን ነው። ገንቦዋን ያዘለችው ሴት የነጋሪት መቺውን ያህል ቁመት አግኝታ፣ በተዋጊዎቹ መካከል ቆማ፣ ተመልካቹን በሁለት ዐይኗ ብታየው የሥዕሉ ሚዛን ራሱ ይለወጣል፤ የንጉሡ ጥላም ወደ ጎን ጥቂት መጠጋት ይኖርበታል።