ከ3 እስከ 15

ጎንደር ውስጥ ባለችው አይከል ላይ ድባቴ ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው ስለ ድባቴ አያወራም። ራሴን ያነደኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል ነው የሚለው። ነርሷም ግፊቱን ለክታ፣ ለወባ ደሙን አስመርምራ፣ የራስ ምታት ክኒን ሰጥታ ትሸኘዋለች። እሷን መውቀስ አይገባም፤ ለግፊት መለኪያ ሰጥተናታል፣ ለዚህኛው አልሰጠናትም። ለመሆኑ ለዚህኛው መለኪያ ይሠራለታል ወይ? የሚሠሩለት አሉ። ከእነሱ አንዱን፣ ከሰውየው ይልቅ የእጁን ሥራ እያየሁ፣ ላስተዋውቃችሁ።

ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪምና ተመራማሪ ናቸው። ብዙውን የምርምር ዘመናቸውን የሰጡት ለስሜት ሕመሞች ነው፤ ለድባቴና ለባይፖላር። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ ሳሉ ከአንተኒ ክሌርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት የሞድስሊ ደረጃ መስጫ ግማሽ ገጽ አይሞላም። የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ድባቴ ሕክምናን ምን ያህል እምቢ ብሏል?

ከዚያ በፊት የነበረው ታዋቂ መለኪያ፣ ቴዝና ራሽ በ1997 ያወጡት፣ መሰላል ነበር። አንድ መድኃኒት ከሸፈ አንደኛው ደረጃ፣ ከሌላ ዓይነት መድኃኒት ሁለተኛው ከከሸፈ ሁለተኛው፣ እያለ ይወጣና ጫፉ ላይ የኤሌክትሪክ ሕክምና ይቀመጣል። መሰላሉ መድኃኒቱን እንጂ ሰውየውን አያይም። ሦስት ወር የታመመውና አሥር ዓመት የተኛው፣ እየሠራ የሚያዝነውና እህል አልቀምስም ያለው፣ የዋጡት ክኒን እኩል ከሆነ እኩል ናቸው።

እነ አበባው ሦስት ነገር ለይተው መዘኑ። ሕመሙ የቆየበት ጊዜ ከ1 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ እስከ አንድ ዓመት 1፣ እስከ ሁለት ዓመት 2፣ ከዚያ በላይ 3። የሕመሙ ክብደት ከ1 እስከ 5 ነው፤ አምስቱ የሚሰጠው ድባቴው ከእውነታ ጋር ላጣላው፣ የሌለ ድምፅ ለሚሰማ ወይም ያልሠራው ኃጢአት ለሚያሳድደው ነው። የከሸፉት መድኃኒቶች ብዛትም ከ1 እስከ 5። ደጋፊ መድኃኒት ተደርቦ ካልሠራ 1፣ የኤሌክትሪክ ሕክምና ተሞክሮ ካልሠራ 1 ይጨመራል። ትንሹ ድምር 3፣ ትልቁ 15። እስከ 6 ቀላል፣ እስከ 10 መካከለኛ፣ ከ11 ጀምሮ ከባድ።

እኔን የማረከኝ የመድኃኒቶቹ ረድፍ ነው። አንድ ወይም ሁለት መድኃኒት 1 ነጥብ፣ ሦስትና አራት 2፣ አምስትና ስድስት 3፣ ከሰባት እስከ አሥር 4፣ ከአሥር በላይ 5። ክፍተቱ እኩል አይደለም፣ እየሰፋ ይሄዳል። አንድ ለአንድ ቢቆጠር ይቀል ነበር፤ ነገር ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው መድኃኒት መካከል ያለው ርቀት በስምንተኛውና በዘጠነኛው መካከል የለም። በ2006 የታተመው ስታር ዲ የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ ያሳያል። በመጀመሪያው መድኃኒት 37 በመቶ፣ በሁለተኛው 31 በመቶ ያህሉ ሕመሙ ለቀቃቸው፤ በሦስተኛው ግን ወደ 14፣ በአራተኛው ወደ 13 ወረደ። ገደሉ ያለው ከሁለተኛው በኋላ ነው፣ ሠንጠረዡም አንድና ሁለትን አንድ ላይ አስሮ ከሦስት ለይቷል። የሠራተኛ እጅ የሚታየው እንዲህ ካለ ቦታ ላይ ነው። የተተወውም ይቆጠርላቸው፤ ዕድሜ የለበትም፣ ጾታ የለበትም፣ የሕመምተኛው ጠባይ የለበትም። ሐኪሙ ከካርዱ አንብቦ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

እንዲህ ዓይነት ዓይን ለንደን ላይ ብቻ አልተገራም። ቡታጅራ አለ።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው ቡታጅራ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ እነ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለም፣ ተሾመ ሽብሬና አበባው ፈቃዱ፣ ከስዊድኑ ኡመዮ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጋር፣ ቤት ለቤት 68,378 ሰው አጣርተዋል። ለምን ይህን ያህል ደከሙ? የሆስፒታል መዝገብ የሚያሳየው ሆስፒታል የደረሰውን ብቻ ስለሆነ ነው። ጠበል የሄደው፣ ታስሮ እቤት የተቀመጠው፣ መንገድ ላይ የወደቀው እዚያ የለም። ስለዚህ ሁለት መረብ ጣሉ። አንዱ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶች በአማርኛ የሚያነቡት ረጅም መጠይቅ ነው። ሌላው የመንደሩን ሰው ጠንቅቀው የሚያውቁ ነዋሪዎችን "እገሌ እንዴት ነው?" ብሎ መጠየቅ ነበር። በሁለቱ የተያዘው ከዚያ በሐኪሞች ዝርዝር ምርመራ ታየ።

ከዚያ ቡድኑ የራሱን መረቦች መረመረ። ስኪዞፍሬንያን ጎረቤት ከመጠይቁ በልጦ ያገኘዋል። የስሜት ሕመምን ግን መጠይቁ ይሻላል። ለምን እንደሆነ ለመገመት አይከልም ሆነ ቡታጅራ የኖረ ሰው አይቸገርም፤ ራቁቱን የሚሄደውን ሁሉም ያያል፣ ደጇን ዘግታ የምታለቅሰውን ግን እሷን ካልጠየቁ ማን ያውቃታል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዘው ቢሆን ኖሮ አንደኛው ወገን ከቁጥሩ ይጎድል ነበር። ከዚያ የተገኙት የባይፖላር ሕሙማን 315 ሲሆኑ ከመቶ ወንድ 0.6፣ ከመቶ ሴት 0.3 ናቸው።

አበባው በ2004 ያሳተሙት የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ጥናትም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከውጭው ሰው ተነጥለው በኖሩት የደሴቱ ነዋሪዎች ዘንድ ባይፖላር በርከት ብሎ ተገኘ፣ ስኪዞፍሬንያ ግን አልተገኘም። ትንሽ ማኅበረሰብ ስለሆነ ብዙ ሊጫንበት አይገባም። ቢሆንም በጀልባ ተሻግሮ መቁጠር ራሱ ይወደዳል።

እኔ ከሁሉም የማስበልጠው ግን በ2015 የታተመውን ነው። ቡታጅራ ላይ ከተለዩት ከባድ የአእምሮ ሕሙማን 919ኙን አሥር ዓመት ተከታተሏቸው። ሕሙማን ቦታ ይለውጣሉ፣ ይሰወራሉ፣ ቤተሰብ ይደብቃቸዋል፤ አሥር ዓመት ማለት የአንድ ልጅ ዕድሜ ነው። 121 ሞቱ፤ በጥቅሉ ከአካባቢው ሕዝብ እጥፍ ማለት ነው። የሞቱትም ሦስት አሥርተ ዓመታት ያህል ቀድመው ነው። ምን ገደላቸው? ራስን ማጥፋት፣ አደጋና ግድያ አሉበት፣ ግማሹን ያህል ግን የወሰደው ተላላፊ በሽታ ነው። ለአእምሮ ሐኪም ይህ የማይመች ውጤት ነው፤ በገዛ ሙያው መድኃኒት አይድንማ። ወረቀቱ አላድበሰበሰውም።

ቀጣዩ ሥራ የዚህ ጥናት ልጅ ይመስለኛል። ከቻርሎት ሃንሎንና ከሌሎች ጋር ሆነው የከባድ ሕሙማንን ክትትል የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ቢይዙት፣ በአእምሮ ነርሶች ከሚመራው የሆስፒታል ክሊኒክ ያንሳል ወይ ብለው በዕጣ ከፋፍለው ፈተኑ። ከ12 ወር በኋላ አላነሰም። ጎንደር ለዚህ ሐሳብ ባዕድ አይደለችም፤ በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የላከው ሐኪም እስኪበዛ አንጠብቅም ብሎ ነበር።

አሁን ያንን የሞድስሊ ሠንጠረዥ ይዘን አይከል እንምጣ። ድባቴ ከጀመራት ሦስት ዓመት ያለፋት፣ ድምፅ የሚሰማት፣ ከቤት መውጣት ያቆመች ሴት አለች እንበል። ለጊዜው 3፣ ለክብደቱ 5። በወረዳ ጤና ጣቢያ ለድባቴ የሚገኘው አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሴቲን ነው፣ እሱም ከተገኘ። ሁለቱም ተሞክረው ከሸፉ፤ 1። ደጋፊ መድኃኒት አልተሞከረም፣ 0። የኤሌክትሪክ ሕክምና የለም፣ 0። ድምር 9፣ መካከለኛ።

በሠንጠረዡ አልፈርድም፤ የተጠየቀው ሕክምናን እምቢ ማለትን እንዲለካ ነው፣ ያልተሰጠ ሕክምና ደግሞ እምቢ አይባልም። ነገር ግን አንድ የለንደን ሐኪም 9ኙን ብቻ ቢያይ፣ ገና ብዙ የሚሞከር አላት ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። የሚሞከረው ያለው እሱ ጋ ነው። በመድኃኒቱ ረድፍ ላይ ከ1 ወደ 2 እንድታልፍ አይከል ፋርማሲ ውስጥ ሦስተኛ መድኃኒት መኖር አለበት።