አቧራ የመሰለው ሰም

ሜሪላንድ ያለው ቤታችን ጓሮ አንድ ትልቅ የኦክ ዛፍ አለበት። ቲማቲም ሞከርኩ፣ ቃሪያ ሞከርኩ፤ ጥላው ምንም አላስበቅል አለኝ። በመጨረሻ እጅ ሰጥቼ ጥላ የሚወድ ተክል ፍለጋ ገባሁ፤ ሆስታ ላይ የደረስኩት እንዲያ ነው። አገሩ ጃፓን፣ ኮርያና ቻይና ነው። እኔን የያዘኝ ግን «ሃልሲዮን» የሚባለው ዝርያ ነው፤ ኤሪክ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1961 ያዳቀለው።

ሰማያዊ ይሉታል። ቅጠሉ ግን አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ የሚያስመስለው ላዩን የለበሰው ስስ ሰም ነው። የሐበሻ ጎመን ያጠበ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃው ቅጠሉን አልነካም ብሎ እንክብል እየሠራ ይንሸራተታል። ይኸም እንደዚያው ነው። የጠዋት ፀሐይ ብዙም አይጎዳውም፤ የከሰዓቷ ግን ሰሙን ታሳጣዋለች፤ ከላይ የሚወርድበት ውሃም እንዲሁ። ስለዚህ ውሃ የማጠጣው ከሥሩ ነው፤ ደግሞም አብዝቼ፣ ኦኩ ይሻማዋልና።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣች ዓመት፣ ሥራ ውዬ ስመለስ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ ጠበቀችኝ።

«አቧራ በልቶት ነበር እኮ፣ ልጄ!»

ምን እላለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ፣ እማዬ» ብዬ ገባሁ። የተወለወለ ቅጠል ሰሙን አይመልስም፤ እስከ ውርጭ ድረስ አረንጓዴ እንደሆኑ ከረሙ። «ይበላል?» ብላም ጠየቀችኝ። ጃፓኖች የአንዳንዱን ሆስታ ቡቃያ እንደሚበሉ ስነግራት ጓሮዬን በአዲስ ዓይን አየችው። አጋዘኖቹ ግን ቀድመዋታል፤ በአንድ ሌሊት የቅጠሉን ዘንግ ብቻ አስቀርተው ይሄዳሉ። ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣዎች ደግሞ የለጋውን ቅጠል ይበሳሉ፤ የሃልሲዮን ወፍራም ቅጠል ከሌላው ይሻላል እንጂ አይድንም።

የምፈራው ግን የራሴን ቢላዋ ነው። ኤፕሪል ላይ ቡቃያው እንደ ጥፍር ብቅ ሲል ሥሩን እየከፈልኩ እተክላለሁ። የሆስታ ቫይረስ ኤክስ በጭማቂው ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል፤ መድኃኒትም የለውም፤ የተያዘው ከነሥሩ ይጣላል። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስሻገር ቢላዋውን በረኪና ውስጥ እነክራለሁ። ጎረቤቴ ቀዶ ጥገና ላይ ነህ ወይ እያለ ይስቅብኛል። የተከፈለው ተክል መጀመሪያ ላይ ቀጭን ቅጠል ያወጣል፤ እውነተኛ መልኩን ለማየት አራት አምስት ዓመት ይፈጃል።

እናቴ በመጣች በዓመቱ አዲሱ ቅጠል እንደወጣ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«አቧራው ተመለሰ እንዴ?»