«ትልቅ ፊደል»ና «ቃል»፦ በሁለት ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

በራጉኤል አካባቢ የሱቅ ሰሌዳ ለሚያነብ ሰው «ትልቅ ፊደል» ማለት በጉልህ የተጻፈ ፊደል ነው፤ ግዕዝ እንደ ላቲን ሁለት መልክ የለውምና። ስለዚህ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ «ቱአፐር» የተባለውን ተግባር «ወደ ትልቅ ፊደል መለወጫ» ማለት አሳሳች ሆኖ አግኝተነዋል። የሚለውጠው መልክን እንጂ መጠንን አይደለም፤ «ዐቢይ መልክ» ቢባል ይሻላል። ተግባሩ የሚቀበለው የአንድ ባይት ዋጋ ሲሆን፣ በዩቲኤፍ-8 «በ» ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው 225 ነው። ላቲን-1 የተባለው የምዕራብ አውሮፓ ሰንጠረዥ በሚሠራበት ቦታ ተግባሩ 225ን 193 ያደርገዋል፤ «በ»ም ይጠፋል።

«ቃል»ስ? ኮምፒዩተሩ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደውን የቢት ብዛት «የቃል መጠን» ማለት ከሰዋስው ቃል ጋር ያምታታል። ነባሩን «ወርድ» እንመርጣለን፤ ስፋትን ይገልጻልና (ከእንግሊዝኛው ጋር በድምፅ መገጣጠሙም አይከፋም)። የሲ «ሰፊ ፊደል» ስፋትም በዚሁ ስም ሊጠራ ይችላል፤ ቁርጥ መጠን ስላልተደነገገለት በዊንዶውስ 16፣ በሊኑክስ 32 ቢት ነው። የጉራጌ ነጋዴዎች በሚበዙበት በመርካቶ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ የገቡት 28 የጉራጊኛ ፊደላት ቁጥራቸው ከ65,535 በላይ ነውና፣ በ16 ቢት ወርድ እያንዳንዱ ለሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል፤ ፊደል ቆጣሪውም አንዱን ሁለት ብሎ ይቆጥራል።