በማን ድምፅ? የሴት መንፈሳዊ መሪነት ከጎንደር እስከ ሳሪስ

እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ የጥናት ቡድን ጎንደር ሲሰፍር፣ ጸሐፊው ሚሼል ሌሪስ የአንዲት ባለዛር ደጅ አዘወተረ። ወይዘሮ መልካም አያሁ በዕድሜ የገፉ፣ ልጃቸውን እማዋይሽን ጨምሮ በዙሪያቸው ብዙ ሴቶችን ያሰባሰቡ መሪ ነበሩ። አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ለሌሪስ ያስተረጉሙለት፣ የሚባለውንም በጽሑፍ ይይዙለት ነበር። የሌሪስ ማስታወሻ እንደሚያሳየው በወይዘሮ መልካም አያሁ ላይ የሚወርደው ዛር አንድ ብቻ አልነበረም። ሲመርቁ አባ ዮሴፍ ይናገርባቸዋል፤ ጨዋታው ሲደምቅ ራሄሎ ትመጣለች፤ በጓዳ ሥራ ሲኖር ደግሞ የራሄሎ ገረድ ትተካለች። ሴት መቅደስ ገብታ በማትቀድስበት፣ አብያተ ክርስቲያናት በሞሉበት ከተማ፣ አንዲት ሴት በካህን ስም ትባርክ ነበር። የእርሳቸው ሥልጣን ጉልበትም ገደብም እዚሁ ላይ ነው፤ ምርቃቱ ከሴት አፍ ይወጣል፣ ባለቤቱ ግን ወንድ መንፈስ ነው።

ይህን ሥልጣን ምሁራን በየፊናቸው ተርጉመውታል። ሌሪስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጥናት የጎንደርን ዛር ከቴአትር ጋር አያይዞ ተመለከተው። ሳይመን ሜሲንግ በዚያው ዓመት የቡድን ሕክምናና የማኅበራዊ ደረጃ ጉዳይ አድርጎ አቀረበው። አይ. ኤም. ሉዊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ዛር የተገፉ ሴቶች ባሎቻቸውን በተዘዋዋሪ የሚሞግቱበት መንገድ ነው አለ። የሉዊስ ትንታኔ ዛሩ ቀሚስና ጌጥ ስለሚጠይቅላት ሕመምተኛ ሴት ብዙ ይነግረናል። ስለ መሪዋ ግን ያን ያህል አይነግረንም። ወይዘሮ መልካም አያሁ ከባል የሚለምኑት ነገር አልነበራቸውም፤ ሰው ተጣልቶ ሲመጣ ያስታርቃሉ፣ ለዛሩ የሚቀርበውን ግብር ይወስናሉ፣ አዲስ የታመመችውን ከዛሯ ጋር ያስማማሉ። ወደዚህ ደረጃ የሚደረሰው በትምህርት ቤት ወይም በሹመት አይደለም። ሴቲቱ አስቀድማ ራሷ ትታመማለች፤ ከዛሯ ትታረቃለች፤ ከዚያም በታላቅ ባለዛር እግር ሥር ዓመታት ታገለግላለች። ስለዚህ እርጅና እዚህ ኪሳራ አይደለም፤ ሀብት ነው።

የዊካን ታሪክ ከዚህ ጎን ሳስቀምጠው የሚገርመኝ ይኸው የዕድሜ ነገር ነው። ጄራልድ ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1954 በመጽሐፍ ለሕዝብ ያስተዋወቀው ይህ የእንግሊዝ እምነት ሴት አምላክን ያመልካል፤ የማኅበሩንም ሥርዓት ሴት ሊቀ ካህን ትመራለች። እ.ኤ.አ. በ1957 ግን ጋርድነር ጥንታዊ ናቸው ያላቸውን ሕጎች ይዞ ቀረበ። ከእነዚህ አንዱ ሊቀ ካህኗ ዕድሜዋ ሲገፋ ቦታዋን ለወጣት ሴት እንድትለቅ ያዝዛል። ብዙውን የአምልኮ ጽሑፍ ያዘጋጀችለት ዶሪን ቫሊየንቴ ሕጎቹን አልቀበልም ብላ ከነተከታዮቿ ተለየች። እ.ኤ.አ. በ1971 ዡዣና ቡዳፔስት በሎስ አንጀለስ ለሴቶች ብቻ የሆነ ማኅበር የመሠረተችው ያንኑ ችግር ከሥሩ ለመንቀል ይመስለኛል። ሴት አምላክ በዙፋን ላይ ብትቀመጥም ሕጉን የሚጽፈው ወንድ ከሆነ የምድራዊቷ ሴት ወንበር አይጸናም። በእኛ ዘንድ የዛርን ምንጭ የሚናገረው ትውፊት በተቃራኒው ሴት አምላክ የለውም፤ ሔዋን ከሠላሳ ልጆቿ አሥራ አምስቱን፣ መልከ መልካሞቹን፣ ከፈጣሪ ዓይን ሸሸገች፤ የተሸሸጉትም ተሰውረው ቀሩ፣ ዛር ሆኑ ይላል። የስውሩ ኃይል መነሻ አንዲት እናት ለልጆቿ የፈራችው ፍርሃት ነው። ትውፊቱ ይህን ያህል ሴትን ማዕከል አድርጎ ሳለ መሪዋ ግን በአባ ዮሴፍ ድምፅ ትናገራለች።

ይህ መጋጨት በአርሲ በሚገኘው የፈረቀሳ መሳለሚያ ስፍራ ሌላ መልክ ይይዛል። ከወሎ የመጡት አዮ ሞሚና ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚሰግድላቸው መሪ ለመሆን በቁ። ሰው በስለት፣ በሕመም፣ ልጅ በመሻት ወደ እርሳቸው ተመመ። ሥልጣናቸው ከባል ወይም ከአባት የተቀበሉት አልነበረም። ከሞቱ በኋላ ግን ፈረቀሳን የመምራት ወግ ወደ ወንድ ልጅ ልጃቸው ወደ ታዬ ተላለፈ። የመሥራቿ ስም ይጠራል፤ ተሳላሚው በረከቷን ይሻል፤ በወንበሩ የሚቀመጠው ግን ወንድ ነው። ከራስ ጸጋ የሚመነጭ ሥልጣን በሴቲቱ ዕድሜ ልክ ይጸናል፤ ስትሞት ወደ ቤተ ዘመድ ውርስ ይገባል፤ ውርሱ ደግሞ የቆየውን የወንድ መስመር ይከተላል። ይህ የሴቲቱ ድክመት ውጤት አይደለም። ተተኪዋን የሚመርጥ የሴቶች ጉባኤ ከጎኗ አለመኖሩ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ አርሲ የሚወስደው የቀድሞው የደብረ ዘይት መንገድ በከተማዋ ደቡብ ያለውን ሳሪስን ሰንጥቆ በቃሊቲና በአቃቂ ይወርዳል። ሳሪስ እንደ አደይ አበባ ያሉ ፋብሪካዎች የተተከሉበት የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ከየገጠሩ የመጣች ሴት በፈትልና በሽመና ኖራበታለች። መሬቱ የቱለማ ኦሮሞ ነው፤ ሴቶች ለመውለድና ለበረከት የሚማጸኗት የአቴቴ መንፈስ ወግም ከዚህ ምድር ጋር የቆየ ነው። በሸዋ፣ በኦሮሞውም በአማራውም ዘንድ፣ የአቴቴ ጨሌ፣ ማለትም ዶቃው፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይወርዳል። ከፈረቀሳ መንበር ይልቅ በሴት መስመር ሳይቋረጥ የሄደው ይህ የጓዳ ጨሌ መሆኑን ልብ ይሏል። ዛሬ ጨሌን መጣልና ማቃጠል በጸበል ቦታዎችም በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም የመዳን ምስክርነት ሆኗል። የእናታቸውን ጨሌ የሚያቃጥሉትን ልጆች እምነት አከብራለሁ፤ የሚቃጠለው ግን አምልኮ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሴት ከሴት የምትወርሰው መንፈሳዊ ርስትም እንደሆነ አጥኚ ሊመዘግብ ይገባል።

በዚሁ በኦሮሞ ባህል ከዛርም ከዊካም የተለየ መንገድ አለ፤ ሲንቄ። እናት ልጇን ስትድር የምታስይዛት በትር ነው። አራስ የመታ ባል ቢኖር ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ከየቤታቸው ይወጣሉ፤ ወንዶቹ ካሳ ከፍለው እስኪያስታርቁ ድረስ አይመለሱም። እዚህ የወንድ መንፈስ አያስፈልግም፤ ሕመምም አይጠየቅም፤ ሥልጣኑ የአንዲት ሴት ስላልሆነ አብሯት አይሞትም። ይሁንና ሲንቄ የምትሰጠው በጋብቻ ነው። ከአርሲ ወይም ከሰላሌ ሳታገባ ለፋብሪካ ሥራ ሳሪስ የመጣች ልጅ እናቷ ያስያዘቻት በትር የላትም፤ በአለቃዋ ብትበደል አብረዋት የሚወጡ ባለ ሲንቄዎች በተከራየችው ክፍል ዙሪያ አይገኙም።