የመንዝ ብርድና የባትሪ ሒሳብ

ታኅሣሥ ላይ መንዝ ውስጥ ደጅ ያደረች መኪና ጠዋት መስታወቷ ውርጭ ለብሶ ትገኛለች። በኤሌክትሪክ መኪና መመላለስ የጀመርኩ ሰሞን፣ ማታ ስክሪኑ ላይ ያየሁት ቀሪ ኪሎ ሜትር ጠዋት ቀንሶ ሳገኘው ባትሪው የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ባትሪው ደኅና ነው። ብርድ ሲጸናበት ውስጡ ያለው ኬሚካል ይፈዛል፣ ከያዘው ኃይልም ከፊሉን ይሰስታል። ሞቅ ሲለው የያዘውን ይለቃል።

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከከለከለ በኋላ፣ እነዚህ መኪኖች በዝተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ለሚውል ሰው ብርዱ ብዙም አያሳስብም። አገር ቤት ዘመድ ሊጠይቅ ለሚወጣ ግን ስክሪኑን ማመን አይበቃም፤ ቁጥሩ በአብዛኛው የሚሰላው ካለፈው አነዳድ ነው፤ ከጣርማ በር ወዲያ ያለውን የመንዝ ብርድና አቀበት አስቀድሞ አያውቅም።

ስለዚህ በኪሎ ሜትር ማሰብ ትቼ በባትሪው የኃይል መለኪያ፣ በኪሎዋት ሰዓት፣ አስባለሁ። የመንዟ መሐል ሜዳ ከአዲስ አበባ 280 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናዬ ለ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ብትበላ፣ መንገዱ ብቻውን ወደ 45 ይፈጃል። ሁለት ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ከግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ከፍ ያለ ይፈልጋል፤ በአዲስ አበባና በመሐል ሜዳ መካከል ላለው 700 ሜትር ግድም ልዩነት 4 እጨምራለሁ። ድምሩ 49 ሆነ። ባትሪው 60 ከያዘ ይበቃል ማለት ነው።

አሁን ማሞቂያውን እናብራ። በሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢወስድና መንገዱ ስድስት ሰዓት ቢፈጅ 12 ይሄዳል። ድምሩ 61። መኪናዋ መንገድ ላይ ቀረች።

ይህን ሒሳብ በተግባር ያሳዩኝ አክስቴ ናቸው። አንድ ንጋት ማሞቂያውን ከፍቼ ቁጥሩ ሲወርድ ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ታዲያ አጥፋው እንጂ ልጄ፤ ባናው ለምን ተሸመነ?» አሉና የመንዝ በግ ጠጉር ባናቸውን ጉልበታችን ላይ ዘረጉት። ከዚያ ወዲህ ባና ከመኪናዬ አይጠፋም። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው ሙከራ፣ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ መኪኖቹ ማሞቂያ ሳይበራ በአማካይ 12 በመቶ፣ ሲበራ ደግሞ 41 በመቶ የሚሆን ርቀት አጥተዋል። የመንዝ ብርድ በአብዛኛው የዚያን ያህል አይከፋም፤ ነገሩ ግን ያው ነው፤ ከብርዱ ጋር የሚመጣው ትልቁ በላተኛ ማሞቂያው ነው።

ደጋው የሚመልሰውም አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ መኪናዋን ወደ ኋላ የሚገታት የአየር ተቃውሞ ይቀንሳል። አቀበቱ የወሰደውንም ቁልቁለቱ በከፊል ይመልሳል፤ ሞተሩ ፍሬን ሲይዝ ባትሪውን ይሞላልና። ነገር ግን የሞላ ወይም የቀዘቀዘ ባትሪ ይህን ስጦታ እንደልቡ አይቀበልም። ስለዚህ ቁልቁለት ከፊቴ ካለ ጢም አድርጌ አልሞላም፤ ጠዋትም እንደተነሣሁ ቁልቁለቱን በሞተሩ ብቻ እይዛለሁ ብዬ አልተማመንም።

ወደ መንዝ የምትወጡ ወገኖቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ቻርጅ አድርጉ፤ ካደራችሁም ማታ ሳይሆን ሊነጋ ሲል ሞልቶ እንዲያልቅ ሰዓቱን አስተካክሉ፤ የጎማ ንፋስ በብርዱ ጠዋት ለኩ። ከባትሪው ላይ አንድ አምስተኛውን ለመጠባበቂያ ተዉት። ባናም ያዙ።