ለባዳ ዋስ፣ ለዘመድ መሳም

ላይ ጋይንት ውስጥ፣ ከነፋስ መውጫ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ነበር። ባለጉዳዮቹ ታላቅ ወንድምና ታናሽ እህት ናቸው። እህት ዐረብ አገር ሠርታ የላከችው ገንዘብ በሬ ሆኗል፣ ቆርቆሮ ሆኗል፤ በሬውም ቆርቆሮውም የወንድም ሆነዋል። ስትጠይቀው ሰደባት፤ ደግማ ስትጠይቀው መታት። ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን ሰሙ። ከዚያ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «የኔ ልጅ፣ ታላቅሽ አይደለም? ታላቅ አባት ነው። ተነሽና ጉልበቱን ሳሚ» አሏት።

ሳመች። ጠላ ቀረበ፤ ተመረቀ። በሬውን ያነሣ ሰው የለም። እኔም አላነሣሁም። ይህን የሚያስጽፈኝ ያ ዝምታዬ ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ሽማግሌ ማለት ደም የሚያደርቅ ሰው ነው። ሰው ሲገደል የገዳይ ወገን ከሟች ወገን ዐይን ይርቃል፤ መንገድና ገበያ ይለያል። ሽማግሌ መሐል ይገባል፤ ዋስ ይጠራል። በዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሳ ይቆረጥበታል፣ ይማላል። አብሮ መብላት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ልብ በሉ፤ መራራቅ መጀመሪያ፣ መሳም መጨረሻ።

ታዲያ ይኼ ሁሉ ጥበብ በዳዩ የእናት ልጅ ሲሆን የት ይገባል? እዚያ ዋስ የለም፣ ካሳ የለም፣ «በድያለሁ» የሚል የለም። መሳሙ ብቻ አለ፤ እሱም የሚታዘዘው ለተበዳይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ክፉው አይመለስም፤ ደጉ ይለመናል። ሽምግልናው ቶሎ እንዲያልቅ የሚሻ ሰው የሚጫነው የሚሸከመውን ነው። «ገበና ነው» ይባልና ነገሩ ይዳፈናል። የተዳፈነ እሳት ግን አልጠፋም።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በባህል ሊዳኝ የሚችለው በተከራካሪዎቹ ፈቃድ መሆኑን ይናገራል። ፈቃድ! አምስት ሽማግሌ ከብቧት፣ እናቷ ጥግ ይዘው እያለቀሱ፣ የንስሐ አባቷ መስቀል ይዘው ቆመው፣ የትኛዋ ልጅ ናት «አልፈቅድም» የምትለው?

በሌላ በኩል ደግሞ የከተማውና የውጭ አገሩ ምክር አለ። «መርዘኛ ዘመድ ነው፤ ቁረጪው!» ይላል። ደመወዝ ላለው፣ በሩን ዘግቶ ማደር ለሚችል ሰው ይሆን ይሆናል። ድርቅ በለመደው አገር ግን ዘመድ ማለት በሬ የሚያቀናጅ፣ ሲታመሙ ቃሬዛ የሚሸከም ነው። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የተባለውም ያለ ነገር አይደለም። ቁረጭ የሚላት ሰው መሬቷን መጥቶ አያርስላትም።

እኔ የምለው አዲስ ነገር አይደለም። ለደም የሠራው ሥርዓት ለቤትም ይሥራ ነው። ወንድም ነውና ይቅር መባሉ አይቀርም፤ ግን መጀመሪያ ይመን፣ የወሰደውን ይመልስ፣ እጁን ላያነሣ ዋስ ይጥራ። ይህ እስኪሆን ድረስ እህት ብትርቅ ኩርፊያ አይባልባት። ገዳይ እንኳ ርቆ እንዲቆይ የሚፈቅድ አገር፣ ለተመታች ልጅ መራቅን እንዴት ይነፍጋል?

ልጅቷ አሁን ደብረ ታቦር ትኖራለች። ለእናቷ የምትልከው ገንዘብ በጎረቤት እጅ እንጂ በወንድሟ እጅ አያልፍም። እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድም እሱ ገበያ የሚውልበትን ቀን ትመርጣለች። ዋስ ያልጠሩላትን ሽማግሌዎች ሥራ ለብቻዋ እየሠራችው ነው።

ባለፈው መንገድ ላይ አገኘኋትና፣ «ያኔ ታርቃችሁ አልነበር እንዴ?» አልኳት።

«ስሜዋለሁ» አለችኝ፤ «አልታረቅንም።»